ኮርስ ድሮፕ ከማድረጋችሁ በፊት፦ በአሜሪካ ማስተርስ ለሚማሩ የክሬዲት፣ የጂፒኤ እና የአይ-20 አያያዝ መመሪያ

በአሜሪካ ማስተርስ የሚማር የኤፍ-1 (በተማሪ ቪዛ የገባ) ተማሪ ያለው አንድ ትራንስክሪፕት ነው፤ የሚያዩት ግን ሦስት ቢሮዎች ናቸው። ግራጁዌት ስኩሉ ጂፒኤውን ያያል። የኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ በሰሚስተሩ ስንት ክሬዲት እንደተያዘ ያያል። አሲስታንትሺፕ (በማስተማር ወይም በምርምር በመርዳት የሚገኝ ድጋፍ) ወይም ስኮላርሺፕ የሰጠው ክፍል ደግሞ ሁለቱንም አይቶ፣ በላዩ የራሱን ቅድመ ሁኔታ ይጨምራል። ሦስቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም ማለት ይቻላል። አንዱ ቢሮ «ችግር የለውም» ያለው ነገር ሌላው ጋ ትልቅ ጣጣ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ስታቲስቲክስ ወይም አልጎሪዝም ከብዶት የተጨነቀ ተማሪ ከክፍል ጓደኞቹ ቶሎ የሚያገኘው ምክር «ድሮፕ አድርገው፣ ደብልዩ ጂፒኤ አይነካም» የሚል ነው፤ ደብልዩ ኮርሱ መቋረጡን ትራንስክሪፕት ላይ የሚያሳይ ምልክት ነው። ለአሜሪካዊ ተማሪ ልክ ነው። ለኤፍ-1 ተማሪ ግን ያለ ፈቃድ ከሙሉ ጭነት በታች መውረድ ማለት ስለሆነ፣ ኮርሱን ወድቆ ኤፍ ከማግኘት የባሰ ሊሆን ይችላል። ኤፍ በሚቀጥለው ሰሚስተር ይጠገናል፤ የጠፋ ስታተስ (በተማሪነት በሕጋዊ መንገድ የመቆየት ሁኔታ) ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስቀምጡ

የመጀመሪያው የገባችሁበት ዓመት የግራጁዌት ካታሎግ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ አብዛኛውን ጊዜ እናንተን የሚመለከታችሁ በገባችሁበት ዓመት የታተመው ነው። በውስጡ ስለ አጥጋቢ የትምህርት እርምጃ፣ ስለ ፕሮቤሽን (ውጤቱ ለወረደ ተማሪ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ)፣ ስለ ድጋሚ ኮርስ እና ስለ ዲግሪ ጊዜ ገደብ የሚሉትን ክፍሎች ፈልጋችሁ አንብቡ። የዲፓርትመንቱ ሃንድቡክ ካለም አብራችሁ እዩት፤ ዲፓርትመንት ከግራጁዌት ስኩሉ የጠበቀ ደንብ ማውጣት ይችላል፣ የላላ ግን አይችልም።

ሁለተኛው አይ-20፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ለኤፍ-1 ተማሪ የሚያወጣው የኢሚግሬሽን ሰነድ ነው። የፕሮግራሙ ማብቂያ ቀን የት እንደተጻፈ እዩና ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ፓስፖርት ላይ የተለጠፈው ቪዛ ለመግቢያ ነው፤ ትምህርት ላይ እያላችሁ ቀኑ ቢያልፍ በራሱ ከስታተስ አያወጣችሁም። ከአገር ከወጣችሁ ግን ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአይ-20ው ቀን ሲያልፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሦስተኛው የአሲስታንትሺፕ ወይም የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ነው። «ጂፒኤ 3.0 በላይ፣ በየሰሚስተሩ ቢያንስ ይህን ያህል ክሬዲት» የሚል አረፍተ ነገር አይጠፋውም። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ ፈርሞ ከመለሰ በኋላ ዳግመኛ አያየውም።

ደረጃ 2፦ ለእናንተ «ሙሉ ጊዜ» ስንት ክሬዲት እንደሆነ በጽሑፍ ያዙ

ለባችለር ተማሪ የኢሚግሬሽን ደንቡ ራሱ 12 ክሬዲት ይላል። ለማስተርስ ግን ቁጥሩን የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። በሰሚስተር በሚሠሩ ዩኒቨርሲቲዎች በብዛት 9 ክሬዲት፣ ማለትም ሦስት ኮርስ ነው። አሲስታንትሺፕ ላለው ተማሪ 6 ክሬዲትን እንደ ሙሉ ጭነት የሚቆጥሩ አሉ። ስለዚህ ሌላ ስቴት ያለ ጓደኛ «እኔ በ6 ነው የምማረው» ቢላችሁ እሱ እውነቱን ነው፤ ለእናንተ ግን ላይሠራ ይችላል። አይ-20 የሚፈርመውን ሠራተኛ፣ ዲኤስኦ የሚባለውን፣ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ።

ክሬዲቱ ሲቆጠር የሚያጋጥሙ ወጥመዶች እነዚህ ናቸው፦

ኦንላይን ኮርስ። በአንድ ሰሚስተር ለሙሉ ጭነት የሚቆጠረው አንድ የኦንላይን ኮርስ ወይም 3 ክሬዲት ብቻ ነው። 9 ከሆነ የሚፈለገው፣ 6ቱ በአካል መሆን አለባቸው። ከዚያ በላይ ኦንላይን መጨመር ይቻላል፤ ግን ለዚህ ቆጠራ አይገባም።

ዌይትሊስት። ሁለት ኮርስ ተመዝግቦ ሦስተኛው ዌይትሊስት ላይ ያለ ተማሪ 6 ክሬዲት ነው ያለው። ተራ ይደርሰኛል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ ሌላ ኮርስ ያዙና ተራው ሲደርስ ቀይሩ።

ኦዲት። ያለ ግሬድ የሚከታተሉት ኮርስ አይቆጠርም።

የባችለር ደረጃ ማካካሻ ኮርስ። ዲፓርትመንቱ በቅድመ ሁኔታ አስገድዷችሁ ከሆነ ለሙሉ ጭነት ሊቆጠር፣ ለዲግሪው ግን ላይቆጠር ይችላል። ሁለቱን ጥያቄ ለሁለት ሰው፣ ለዲኤስኦ እና ለአድቫይዘር፣ ለየብቻ አቅርቡ።

ላይኛው ወሰንም አለ። ከ12 ወይም ከ15 ክሬዲት በላይ ለመያዝ ብዙ ቦታ ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል። በእኔ አስተያየት ግን በመጀመሪያው ሰሚስተር አራት ኮርስ መያዝ ድፍረት ነው። ቶሎ ጨርሶ ክፍያ ለማዳን የሚደረግ ስሌት ስለሆነ ይገባኛል፤ በየሳምንቱ ንባብ፣ አሳይንመንትና ፕሮጀክት በሚጠይቅ ሥርዓት ውስጥ ግን፣ በፋይናል ፈተና አካክሳለሁ የሚለው የአገር ቤት ልምድ አይሠራም።

ሰመር እንደ ዕረፍት ይቆጠራል፤ ያለመመዝገብ ይቻላል። ፕሮግራማችሁ የጀመረው በሰመር ከሆነ ግን ያ ሰመር ሙሉ ጭነት ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከትምህርት ጋር የማይገናኝ ይመስላል እንጂ ይገናኛል። ያልተከፈለ ሂሳብ ካለ አካውንታችሁ ላይ ሆልድ ይቀመጣል፤ ሆልድ ካለ ለሚቀጥለው ሰሚስተር መመዝገብ አይቻልም፤ ካልተመዘገባችሁ ሴቪስ ላይ (መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን በሚከታተልበት የኮምፒዩተር ሥርዓት) ያለው መዝገባችሁ ይዘጋል። ከኢትዮጵያ በባንክ የሚላክ ክፍያ የውጭ ምንዛሪ ሂደቱ ሊያዘገየው ስለሚችል ምዝገባ ሲቃረብ ከመጀመር ይልቅ ቀደም ብላችሁ በየወሩ የመክፈያ ፕላን ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ጂፒኤን በቀሪ ሂሳብ መልክ አስሉት

ለማስተርስ መቀጠያም መመረቂያም የተለመደው ወሰን 3.0 ነው። በባችለር ሲ ማለፊያ ነበር፤ እዚህ ሲ ማለት የሚካካስ ዕዳ ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ ለዲግሪው የሚቆጠሩ የሲ ክሬዲቶች ቁጥር የተገደበ ነው፤ ቢ ማይነስን የማይቀበሉም አሉ። አገር ቤት የለመድነው ስሌትም ሳያሳስት አይቀርም። እዚያ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.5 ነው። እዚህ በብዛት ኤ ማይነስ 3.7፣ ቢ ፕላስ 3.3፣ ቢ ማይነስ 2.7፣ ሲ ፕላስ 2.3 ነው። ሁለት ቢ ፕላስ አንድ ሲን ይሸፍናል ብሎ በአገር ቤት ስሌት የሄደ ሰው እዚህ ይጎድልበታል።

ቀላሉ ዘዴ ከ3.0 ያለውን ልዩነት ብቻ መያዝ ነው። ለባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሂሳቡ እንዲህ ይሆናል፦

ኤ — ትርፍ 3
ኤ ማይነስ — ትርፍ 2.1
ቢ ፕላስ — ትርፍ 0.9
ቢ — ዜሮ
ቢ ማይነስ — ጉድለት 0.9
ሲ ፕላስ — ጉድለት 2.1
ሲ — ጉድለት 3
ኤፍ — ጉድለት 9

እንበል አንዲት ተማሪ በመጀመሪያው ሰሚስተር ቢ ፕላስ፣ ቢ ማይነስ እና ሲ ፕላስ አመጣች። ቢ ፕላሱና ቢ ማይነሱ ይጣፋሉ፤ የቀረው የሲ ፕላሱ 2.1 ጉድለት ነው። ጂፒኤዋ 2.77 ሆኖ ፕሮቤሽን ውስጥ ገባች። በሚቀጥለው ሰሚስተር ምን ያስፈልጋታል? አንድ ኤ ማይነስና ሁለት ቢ። ልክ 3.00 ላይ ያደርሳታል። ሁለት ቢ ፕላስና አንድ ቢ ብታመጣ ግን ትርፏ 1.8 ብቻ ስለሆነ 2.98 ላይ ትቆማለች፤ 2.98 ደግሞ ብዙ ቦታ ወደ 3.0 አይጠጋጋም። ስለዚህ ሦስቱንም ኮርስ እኩል ከመታገል ይልቅ ኤ ማይነስ የምታገኝበትን አንዱን መርጣ ጉልበቷን እዚያ ላይ ብታደርግ ይሻላታል።

ኤፍን ለመሸፈን ሦስት ኤ እንደሚያስፈልግም ከዝርዝሩ ታዩታላችሁ። ኮርሱን መድገም ይቻላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ አሮጌውን ግሬድ በአዲሱ ይተካል፣ አንዳንዱ ሁለቱንም ይደምራል። የሚደምር ከሆነ፣ ኤፍ ደግማችሁ ኤ ብታመጡም ገና 6 ነጥብ ይጎድላችኋል። ሳትጠይቁ አትድገሙ።

ደረጃ 4፦ አንድ ኮርስ እየተበላሸ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ

ሰሚስተሩ ሲጋመስ የሚድተርሙ ውጤት ወጣ፤ 41 ከ100። አሁን ምን ይደረጋል?

መጀመሪያ ፕሮፌሰሩ ጋ ሂዱ፣ በኦፊስ አወር። እዚህ አገር ተማሪ መምህሩን ማነጋገሩ እንደ ድፍረት አይታይም፤ ያልመጣ ተማሪ እንዲያውም ግድ የሌለው ይመስላል። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ከቀሩት አሳይንመንቶችና ከፋይናሉ ምን ባመጣ ቢ ላይ እደርሳለሁ?» ሲላበሱን ይዛችሁ ሂዱና አብራችሁ አስሉት። ምናልባት ሚድተርሙ 20 በመቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ መድረስ የማይቻል ከሆነ፣ ሬጅስትራር ጋ ሳይሆን ዲኤስኦ ጋ ሂዱ። ኦንላይን ፖርታሉ ላይ ድሮፕ የሚለው ቁልፍ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነው፤ ኤፍ-1 መሆናችሁን አይቶ አያስቆማችሁም። ፈቃዱ ሴቪስ ላይ ከመግባቱ በፊት ቁልፉን መጫን የለባችሁም። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አይሠራም፤ ደንቡ ቅድሚያ ፈቃድ ነው የሚለው።

ዲኤስኦው ጭነት መቀነስ የሚፈቅድባቸው ምክንያቶች የተወሰኑ ናቸው።

የትምህርት ችግር፦ በእንግሊዝኛ ወይም በንባብ ብዛት መጀመሪያ ላይ መቸገር፣ የአሜሪካን የማስተማር ዘዴ አለመልመድ፣ ወይም ከደረጃ በላይ በሆነ ኮርስ መመደብ። በአንድ የዲግሪ ደረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በሚቀጥለው ሰሚስተር ወደ ሙሉ ጭነት መመለስ ግዴታ ነው። ሲቀነስም ቢያንስ 6 ክሬዲት መቅረት አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ «ሲ እንዳይመጣብኝ» ብሎ ማባከኑ አይመከርም፤ ኤፍ ሊመጣ ሲል እንጂ።

ሕመም፦ የሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ከባድ ከሆነ እስከ ዜሮ ክሬዲት ድረስ ሊፈቀድ ይችላል፤ በአንድ የዲግሪ ደረጃ በድምሩ ከ12 ወር መብለጥ ግን አይችልም፤ በየሰሚስተሩም እንደ አዲስ ይጠየቃል። ድብርትና ከባድ ጭንቀትም ሕመም ናቸው። የእኛ ሰው «ለዚህ ሐኪም ቤት አልሄድም» ብሎ ችሎ ይቀመጥና በመጨረሻ ከትምህርቱም ከስታተሱም ይወጣል። የካምፓሱ ካውንስሊንግ ማዕከል በአብዛኛው ከተማሪ ክፍያችሁ ላይ ተቆርጦ ተከፍሎበታል፤ ተጠቀሙበት።

የመጨረሻ ሰሚስተር፦ ለመመረቅ የቀረው አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ከሆነ ያንኑ ብቻ መያዝ ይፈቀዳል።

«ፕሮፌሰሩ አልተመቸኝም»፣ «ሥራ በዛብኝ»፣ «ብር አጠረኝ» የሚሉት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ ካልተገኘ ሁለት መንገድ ይቀራል። ኮርሱን ይዞ መጨረስ አንዱ ነው። ኢንኮምፕሊት (ኮርሱን በኋላ ለመጨረስ የሚሰጥ ጊዜያዊ ግሬድ) መጠየቅ ሌላው፤ ይህ ግን አብዛኛውን ሥራ ጨርሶ መጨረሻው ላይ ድንገተኛ ነገር ለገጠመው ተማሪ የተዘጋጀ ነው። በተሰጠው ጊዜ ካልተጠናቀቀ ወደ ኤፍ ይለወጣል። በሚቀጥለው ሰሚስተር የምትጨርሱት ኢንኮምፕሊት የዚያን ሰሚስተር 9 ክሬዲት አይሞላም፤ ሸክሙ በሙሉ ጭነት ላይ ነው የሚታከለው።

ሳታውቁ ድሮፕ አድርጋችሁ ከሆነስ? ዛሬውኑ ዲኤስኦ ጋ ሂዱ። ገና በምዝገባ ቀናት ውስጥ ከሆነ ዘግይቶ የሚጀምር የስምንት ሳምንት ኮርስ በአካል ገብቶ መሙላት አንዳንዴ ይቻላል። ስታተሱ ከተዘጋ በአይ-539 ቅጽ ዳግም መመለስ መጠየቅ አለ፤ ከስታተስ ከወጣችሁ 5 ወር ሳይሞላ መሆን አለበት። ደንቡ ዲኤስኦው ቢጠየቅ ኖሮ ሊፈቅደው ይችል የነበረን የጭነት መቀነስ አንድ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል፤ ሆኖም ውሳኔው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ከጠበቃ ጋር መነጋገርም እዚህ ላይ ቅንጦት አይደለም።

ደረጃ 5፦ የፕሮቤሽን ደብዳቤ ሲመጣ

ፕሮቤሽን በራሱ ኤፍ-1ን አይነካም። ሙሉ ጭነት እስከያዛችሁ ድረስ ስታተሳችሁ አለ። የሚነካው ገንዘቡን ነው፤ አሲስታንትሺፕ በ3.0 የታሰረ ከሆነ የትምህርት ክፍያው ምሕረት አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት የዲፓርትመንቱን የግራጁዌት ፕሮግራም ዳይሬክተር አነጋግሩ፤ በደረጃ 3 ያየነውን ሂሳብ በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ሂዱ። «አሻሽላለሁ» ከሚል ተማሪ ይልቅ «2.1 ነጥብ ይጎድለኛል፣ በእነዚህ ሦስት ኮርሶች እንዲህ እሞላዋለሁ» የሚል ተማሪ ይደመጣል።

ከፕሮቤሽን የሚቀጥለው ስንብት ነው። ስንብት ሲመጣ የተመረቀ ተማሪ የሚያገኘው የ60 ቀን ጊዜ የለም። አይቀርም ብላችሁ ከገመታችሁ፣ መዝገባችሁ ክፍት እያለ ሁለት ነገር ይቻላል፦ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀባይነት አግኝቶ የሴቪስ መዝገብን ማዛወር፣ ወይም በዲኤስኦ ፈቃድ አቋርጦ በ15 ቀን ውስጥ ከአገር መውጣት። ከስንብቱ በኋላ ሁለቱም በሮች ይጠባሉ።

ደረጃ 6፦ ቴሲስ ላይ ያላችሁ

ኮርስ ጨርሶ ቴሲስ ብቻ የቀረው ተማሪ ግራጁዌት ስኩሉ «በየሰሚስተሩ 1 ክሬዲት መያዝ ይበቃል» ይለዋል። ይህ የግራጁዌት ስኩሉ ደንብ ነው፤ መዝገብህ እንዳይቋረጥ ማለቱ ነው። ለኢሚግሬሽን ያ 1 ክሬዲት ሙሉ ጊዜ የሚሆነው ዩኒቨርሲቲው እንደ ሙሉ ጊዜ ሲያረጋግጠው ብቻ ነው፤ ለዚህም ብዙ ቦታ አድቫይዘሩ የሚፈርመው ቅጽ አለ። ቅጹ በየሰሚስተሩ ይታደሳል።

ደረጃ 7፦ ጊዜ ካጠረ

ዩኒቨርሲቲው ማስተርስ ለመጨረስ ከ5 እስከ 7 ዓመት የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። የእናንተ አይ-20 ግን ብዙውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ገደማ ነው የሚወጣው። የሚገዛችሁ አጭሩ ነው። ማራዘሚያ የሚጠየቀው የማብቂያው ቀን ሳይደርስ ነው፤ በአንድ ቀን ካለፈ ማራዘም የሚባል ነገር የለም። ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች የሜጀር ወይም የጥናት ርዕስ መለወጥ፣ ያልታሰበ የምርምር ችግር፣ በሰነድ የተደገፈ ሕመም ናቸው። በፕሮቤሽን ወይም በቅጣት ምክንያት መዘግየት ተቀባይነት እንደሌለው ደንቡ በግልጽ ይላል።

ከአድቫይዘሩ ደብዳቤ ጋር የገንዘብ ማስረጃም ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 መጨረሻ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አልፏል፤ ያኔ ለመጀመሪያው አይ-20 የበቃው የወላጅ ባንክ ስቴትመንት አሁን በዶላር ከግማሽ በታች ነው። ሌላ ስፖንሰር ማፈላለግ ካስፈለገ ሦስት ወር ቀድሞ መጀመር ይሻላል።

ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ላላችሁ

የኢሚግሬሽኑ ጣጣ አይመለከታችሁም፤ ድሮፕ ማድረግ ግን ለእናንተም ነጻ አይደለም። የፌዴራል ብድር ለማግኘት ቢያንስ ግማሽ ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ከጂፒኤ ሌላ ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት ስንት በመቶውን እንዳጠናቀቃችሁ ይቆጥራል፤ ብዙ ቦታ ወሰኑ 67 በመቶ ነው። ደብልዩ እዚህ ላይ እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። ሰሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርስ ሁሉንም ኮርስ ካቋረጣችሁ ከተሰጣችሁ ብድር ከፊሉ ይመለሳል፤ ሂሳቡም ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ግራድ ፕላስ የሚባለው ብድር ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል፤ መደበኛው የማስተርስ ብድር በዓመት 20,500 ዶላር ነው። አንድ ኮርስ መድገም ከዚህ ጣሪያ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ደረጃ 8፦ የመጨረሻው ሰሚስተር

አንድ ኮርስ ብቻ ቀርቷችሁ ከሆነ ኮርሱ ኦንላይን መሆን አይችልም። ይህን ሳያውቅ የመጨረሻ ኮርሱን ለኦንላይን የሚያስቀር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ካለፈው ሰሚስተር ጀምራችሁ በአካል የሚሰጠውን ቆጥቡ። የምረቃ ማመልከቻው የራሱ ቀነ ገደብ አለው፤ ሰሚስተሩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያልፍ ይችላል። ኦፒቲ (በተማሩበት ሙያ ለጊዜው የመሥራት ፈቃድ) የሚጠየቀው ፕሮግራሙ ከማለቁ 90 ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ካለቀ በኋላ እስከ 60 ቀን ነው።

ጭነት ቀንሳችሁ የገባችሁበት የመጨረሻ ሰሚስተር ከሆነ ዲኤስኦው የአይ-20ውን ማብቂያ ወደ ሰሚስተሩ መጨረሻ ሊያሳጥረው ይችላል። ግሬድ የሚወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ኮርሱን እንደማታልፉት ከጠረጠራችሁ የግሬዱን መውጣት አትጠብቁ፤ ፋይናሉን ከመውሰዳችሁ በፊት ለዲኤስኦ ንገሩ፣ ማራዘም የሚቻለው ያን ጊዜ ብቻ ነውና።